ከቡና ሚዛን የሚላክ ቁጥር ስፋቱ ቋሚ ይሁን ወይስ እንደ መጠኑ?

ጥያቄው፦ በጅማ ዙሪያ ካሉ የእሸት ቡና መረከቢያ ሚዛኖች ወደ ጋራ መዝገብ የሚላከው መልእክት በባይናሪ (በ0 እና በ1 ብቻ) ይጻፍ ከተባለ፣ እያንዳንዱ ቁጥር እኩል ባይት (አንዱ ባይት 8 ቢት፣ ማለትም ስምንት 0 ወይም 1 ነው) ይያዝለት ወይስ እንደ መጠኑ ይጠር ይርዘም? (ተወያዮቹ በጅማ ሰፈራቸው ስም ተጠርተዋል።)

ከሂርማታ፦ እኔ ቋሚውን እደግፋለሁ። በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤክስዲአር (በኮምፒውተሮች መካከል መረጃ መለዋወጫ) ደንብ ኢንቲጀርን (ሙሉ ቁጥርን) በ4 ባይት፣ ትልቁን ባይት አስቀድሞ ያስጽፋል፤ እውነት ወይም ሐሰት ለማለት እንኳ 4 ባይት ይወስዳል። ብክነት አለው፤ ሆኖም ማንም ፕሮግራመር ሳይሳሳት ያነበዋል። አምና አንድ ሚዛን 300 ኪሎን ትንሹን ባይት አስቀድሞ 44 እና 1 ብሎ ላከ፤ ተቀባዩ ገልብጦ አንብቦት፣ ገበሬው የያዘው ደረሰኝ 300 እያለ መዝገቡ 11265 አለ። ያን ቀን ሰውየው ገንዘቡን ሳይቀበል ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከጅሬን፦ ቁጭትዎ ይገባኛል፤ ነገር ግን ያ ስህተት የቅደም ተከተል እንጂ የስፋት አይደለም። በፕሮቶኮል በፈርስ (በጉግል የመልእክት መጻፊያ ደንብ) ቫሪንት፣ ማለትም እንደ መጠኑ በሚያጥርና በሚረዝም አጻጻፍ፣ እያንዳንዱ ባይት 7 ቢት ቁጥር ይይዛል፣ 8ኛው ቢት ቀጣይ ባይት መኖሩን ይናገራል፤ ስለዚህ 300 በ2 ባይት፣ 100 በ1 ባይት ያልቃል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ገጠር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርግጥ ነው፣ የ5 ኪሎ ቅናሽ ማለትም −5 በዚሁ መንገድ በቀጥታ ከተጻፈ 10 ባይት ይፈጃል፤ ዚግዛግ (አሉታዊን ትንሽ ቁጥር ወደ አዎንታዊ ትንሽ ቁጥር የሚለውጥ ዘዴ) ሲጨመርበት ግን ወደ 9 ተለውጦ በ1 ባይት ይገባል።

ከመንደራ ቆቺ፦ ሁለታችሁም ጽሑፉን ዘንግታችኋል። የቡና አካባቢ ስም የሆነው «ሊሙ» 2 ፊደል ነው፤ በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት መጻፊያ ደንብ) ግን 6 ባይት ይሆናል። ላኪው ርዝመቱን 2 ብሎ ከጻፈ፣ አንባቢው ፊደሉን መሃል ላይ ቆርጦ የቀረውን 4 ባይት እንደ ኪሎ ሊቆጥረው ነው። ስለዚህ ርዝመት ማለት የባይት ብዛት መሆኑ በደንቡ በግልጽ ይጻፍ። ክብደትም በግራም፣ በሙሉ ቁጥር ይላክ፤ ተንሳፋፊ ነጥብ (ኮምፒውተር ክፍልፋይ ቁጥርን በባይናሪ የሚጽፍበት መንገድ) 0.1 ኪሎን በትክክል መያዝ አይችልም።

ከሂርማታ፦ በጽሑፉና በግራሙ ተስማምቻለሁ፤ ለክብደትም ቫሪንቱን ከነዚግዛጉ እቀበላለሁ። ከ1970 ጀምሮ በሴኮንድ የሚቆጠረው ሰዓት ግን ቋሚ 8 ባይት ይሁን፤ የ+ ወይም የ− ምልክት ያለው 4 ባይት በጥር 2038 እ.ኤ.አ. ይሞላልና። ድምፅ ከመስጠታችን በፊት ሁላችንም 0ን፣ 300ን፣ −5ንና «ሊሙ»ን በየፕሮግራማችን ጽፈን የወጣውን ባይት እዚሁ እናስተያይ።