«ሐዘናቸውን ለጭፈራ ሸጡ» የተባለው የኒው ኦርደር አልበም

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ትናንት በአንድ የሬዲዮ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ አቅራቢው የእንግሊዙን ባንድ የኒው ኦርደርን «ፓወር፣ ኮራፕሽን ኤንድ ላይስ» አነሣና «ሐዘናቸውን ለጭፈራ የሸጡበት አልበም» ብሎ፣ አንድ ዘፈን እንኳ ሳያስደምጥ አለፈ። እስከ አሁን ንዴቴ አልበረደም። የጆይ ዲቪዥን ባንድ ዘፋኝ ኢያን ከርቲስ እ.ኤ.አ. በሜይ 1980 ራሱን ሲያጠፋ የቀሩት ሦስቱ ልጆች የባንዱን ስም ኒው ኦርደር ብለው ለወጡ፣ ጂሊያን ጊልበርትን ጨመሩ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ይህን አልበም አወጡ። ጓደኛን ቀብሮ እንደገና መዝፈን ከመቼ ወዲህ ነው መሸጥ የሆነው?

ጥቁር ሽፋን፦
አቅራቢው ልክ ነው። ከጆይ ዲቪዥን የመጨረሻ አልበም ከ«ክሎዘር» ወደዚህ አልበም የሚሻገር ሰው የወረደውን ነገር ለመስማት ባለሙያ መሆን አያሻውም። እዚያ ሰው እየተቃጠለ ይዘፍናል፤ እዚህ ማሽን ይቆጥራል። የኒው ኦርደር ዘፋኝ የበርናርድ ሰምነር ድምፅ ቀጭን ነው፤ ግጥሙም ቦታ ለመሙላት የተጻፈ ይመስላል። «ዩር ሳይለንት ፌስ» ያን የመሰለ ግርማ ያለው ዜማ ይዞ ይመጣና መጨረሻው ላይ ሰውን በስድብ ያባርራል። ይህ ነው ሐዘን?

ሸክላ ሰብሳቢ፦
አዎ፣ ነው። ሐዘን የተቀመጠ ሰው ሊያጽናናው የመጣውን ተቆጥቶ ሲያስወጣ አይተህ አታውቅም?

የቤዝ ወዳጅ፦
«ማሽን ይቆጥራል» ያልከው ላይ ልቁም። አልበሙን የሚከፍተው «ኤጅ ኦቭ ኮንሰንት» ነው። የፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር ወደ ላይ ወጥቶ ዜማውን ራሱ ይመራል፤ ከበሮውን የሚመታው ስቲቨን ሞሪስ ነው፣ በእጁ። «ዊ ኦል ስታንድ» ደግሞ በዝግታ የሚጎተት፣ የሚያስጨንቅ ዘፈን ነው። በእርሱ የሚጨፍር ሰው ካለ ልየው።

ጥቁር ሽፋን፦
ሁለት ዘፈን መርጦ መከራከር ቀላል ነው። «ፋይቭ ኤይት ሲክስ»ስ? የ«ብሉ ማንደይ» የሥጋ ዘመድ አይደለም እንዴ? የዳንስ ቤት ሙዚቃ ነው። ማሽን ነፍስ የለውም።

የለንደኗ፦
«ብሉ ማንደይ»ን ካነሣህ አይቀር ልጨምርልህ። በዚያው ዓመት በማርች የወጣ፣ ገበያ ያናወጠ ዘፈን ነበር፤ በብሪታንያ በወጣው አልበም ውስጥ ግን አላስገቡትም። ለመሸጥ የተነሣ ሰው ትልቁን ዕቃውን ውጭ ይተዋል? የሽፋኑ ፊት ላይም የባንዱ ስም የለም፣ የአልበሙ ስም የለም። ያለው አንሪ ፋንታን ላቱር በ1890 የሣለው የጽጌረዳ ቅርጫትና የሽፋኑ ንድፍ ባለሙያ ፒተር ሳቪል ጥግ ላይ ያስቀመጠው የቀለም ምልክት ብቻ ነው። ሥዕሉ እዚህ ለንደን ናሽናል ጋለሪ ውስጥ አለ፤ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ ውብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሽፋኑ የፖስታ ቴምብር ሆኖ ታትሟል።

ጥቁር ሽፋን፦
እህቴ፣ ነጠላ ዘፈንን ከአልበም መለየት የአሳታሚያቸው የፋክተሪ ልማድ ነበር። የጆይ ዲቪዥን «ላቭ ዊል ቴር አስ አፓርት»ም ከ«ክሎዘር» ውጭ ነው የቀረው። ልማድን እንደ ጽድቅ አትቁጠሪላቸው።

የለንደኗ፦
ጥሩ፣ ራስህ አመጣኸው። «ላቭ ዊል ቴር አስ አፓርት» ፖፕ አይደለም? ሲንተሳይዘሩ (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥረው መሣሪያ) የሚጫወተውን ዜማ አንድ ጊዜ የሰማ ሰው ሳያንጎራጉረው ያድራል? ያንን የዘፈነው ከርቲስ ራሱ ነው። «ክሎዘር»ም በሲንተሳይዘር የተሞላ ነው። ሁለቱ አልበሞች የተቀረጹት እዚሁ ለንደን፣ አንድ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ብሪታኒያ ሮው ነው። መንገዱ የተጀመረው እርሱ በሕይወት ሳለ ነው።

አቶ ዘመድኩን ከዋሽንግተን፦
ልጆቼ፣ «ማሽን ነፍስ የለውም» የሚለውን ነገር ኃይሉ መርጊያ ላይ ሞክሩት። እ.ኤ.አ. በ1985 እዚህ ዋሽንግተን አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከድራም ማሽን ጋር ብቻውን ቀረጸ። የአገር ናፍቆት ያንገበገበው ሁሉ በዚያ ሙዚቃ ያለቅሳል።

ጥቁር ሽፋን፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እዚያ የሚያስለቅስዎት አኮርዲዮኑ ነው። ማሽኑ አጃቢ ነው።

አቶ ዘመድኩን ከዋሽንግተን፦
አጃቢው ባይኖር አኮርዲዮኑ በምን ላይ ይቆማል? እዚያ አልበም ውስጥ ማሽኑን አውጥተህ ስማው እስቲ።

የቤዝ ወዳጅ፦
እባካችሁ ወደ ባንዱ ከተማ ወደ ማንችስተር እንመለስ። ሐዘንን መሸጥ ከተባለ ክሱ የሚገባው ለ1981ዱ የኒው ኦርደር የመጀመሪያ አልበም ለ«ሙቭመንት» ነው። የጆይ ዲቪዥንን አልበሞች ያዘጋጀው ማርቲን ሃኔት ያንኑ የቀድሞ ድባብ አልብሷቸው የሞተ ወዳጃቸውን ድምፅ ሲያስመስሉ ይሰማል። በዚህ በሁለተኛው አልበም አዘጋጅነቱን ራሳቸው ያዙና በራሳቸው ድምፅ ዘፈኑ። ሐዘንተኛ ከሉን የሚያወልቅበት ቀን አለው። ያወለቀውን ሁሉ ከሃዲ ልንለው ነው?

ጥቁር ሽፋን፦
«ሙቭመንት»ን አትንካብኝ። ያ አልበም ቢያንስ ምን እንደጠፋ ያውቅ ነበር።

ሸክላ ሰብሳቢ፦
ይህኛውም ያውቃል። የመጨረሻውን «ሊቭ ሚ አሎን» ስማ፤ ጊታር፣ ቤዝ፣ ከበሮና ብቻውን የቀረ ሰው ድምፅ ነው። ቀጭን ነው ያልከው ድምፅ እዚያ ላይ ወፍራም ቢሆን ዘፈኑ ይበላሽ ነበር።

ጥቁር ሽፋን፦
«ሊቭ ሚ አሎን» ድንቅ ነው፤ እርሱን ክጄ አላውቅም። ከስምንት ዘፈን አንዱ ግን አልበም አያድንም። ጋሼ ዘመድኩን፣ የአኮርዲዮኑን ነገር ደግሞ አልጨረስንም።