የፖርሼዋ ቱቦ ዋሻ ውስጥ ቀረብኝ፤ መላ በሉኝ

ሰላም ወገኖች፣ ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው። አጎቴ ያወረሰኝን ፖርሼ 914 መኪና እየፈታሁ ነው። ሰፈሩ «መጫወቻዋ» ይላታል። ታንከሯ ፊት፣ ሞተሯ ከወንበሩ ኋላ ነው። ቤንዚን የሚያመላልሱት ሁለት የፕላስቲክ ቱቦዎች በወለሉ መሀል ባለው ዋሻ ያልፋሉ። ደርቀው እንደ ቆሎ ይሰባበራሉ። በብረት ልቀይራቸው አንዱን ስስብ ተበጠሰ፤ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ይባስ ብሎ የፍሪሲዮን ገመዱ የሚያልፍበት ቧንቧ ብየዳው ለቆ ይወዛወዛል።

ወለሉን ሳልቆርጥ የቀረውን ቱቦ የማወጣበት ዘዴ አለ? በያጁ «እንቅደደው» ይላል። ቤንዚን እየሸተተ እንዴት እሺ ልበል? በሞተሩ በኩልስ የኢንጄክሽን (ቤንዚን በግፊት የሚረጭ ሲስተም) ግፊት የሚችል ጎማ አዲስ አበባ የት ይገኛል? ለዝቅተኛ ግፊት የሚሆነውን የካርቡራተር ጎማ እንዳትመክሩኝ፤ የቤንዚን ፓምፑ 2 ባር ገደማ ነው የሚገፋው። ብርዱ እጄን ሳያደርቀው ቶሎ መልሱልኝ።