ለአሮጌ ኮሮላ አጭር የማርሽ ዘንግ ማስገባት ያዋጣል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ በ1982 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ በኋላ ጎማ የሚሄድ ቶዮታ ኮሮላ አለኝ። የማርሹ ዘንግ በጣም ከመላላቱ የተነሣ፣ ከኮምቦልቻ ስመለስ በሐረጎ ዳገት ላይ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ሳወርድ እጄ ቦታውን እስኪያገኝ ድረስ መኪናው ጉልበት ያጣል። ብዙ ወጪ የማያስወጣ አጭር ዘንግ ባስገባ ይሻላል ወይስ ሌላ መላ አለ?

መልስ (ከኮምቦልቻ)፦ ወንድሜ፣ ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ያለውን ያስፈቱት። በእርስዎ ዓይነት ኮሮላ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከታች ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ቦኮላ (ዘንጉን አቅፋ የምትይዝ ትንሽ ቀለበት) ስትበላ ዘንጉ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና ወዲያ ወዲህ ይላል። የእኔ ሲፈታ ቦኮላዋ ተሰባብራ ነበር የተገኘችው፤ አዲስ ከተገጠመ በኋላ አጭር ዘንግ የመግዛት ሐሳቤ እዚያው ቀረ።

ሌላ መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ። አጭር ዘንግ ከመዞሪያው (ዘንጉ ከሚወዛወዝበት ነጥብ) በታች ያለው ክፍል ስለሚረዝም የእጅን ጉዞ ያሳጥራል፤ የሚጠይቀው ጉልበት ግን በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ያረጀ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያመሳስለው ክፍል) ደግሞ መቸኮልን አይወድም። አንዳንዶች የዘንጉን የላይኛውን ጫፍ አስቆርጠው እጀታው የሚጠመዘዝበትን ጥርስ በቶርኖ ያስወጣሉ፤ ርካሽ ነው፣ ልልነቱን ግን አያጠፋም።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ቅዳሜ አስፈትቼ ቦኮላዋን አያለሁ፤ የካምቢዮውንም ዘይት አብሬ አስቀይራለሁ።