የተጫነው ድምፅ በሲ ሻርፕ ፕሮግራሜ ዝርዝር ውስጥ አይታይም

ሰላም ለሁላችሁ። የዴስክቶፕ ፕሮግራሜ ጽሑፍ የሚያነበው በሲስተም ስፒች (ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚቀይረው የዶትኔት ክፍል) ነው። ፍጥነቱ (ከ-10 እስከ 10) እና የድምፅ መጠኑ (ከ0 እስከ 100) በትክክል ይሠራሉ። ያስቸገረኝ የድምፅ ምርጫው ነው። በዊንዶውስ ቅንብር የጫንኩት ድምፅ እዚያው ሲሞከር ጥርት ብሎ ያነባል፤ የተጫኑ ድምፆችን የሚዘረዝረው «ጌት ኢንስቶልድ ቮይስስ» ግን አያመጣውም፣ ስሙን ድምፅ ለሚመርጠው «ሰሌክት ቮይስ» ስሰጠውም ስህተት ይጥላል። ሬጅስትሪው (ዊንዶውስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ ድምፁ የተመዘገበው «ስፒች ዋንኮር» ስር ነው፤ ሲስተም ስፒች የሚፈልገው ደግሞ «ስፒች» የሚለው ስር። የድምፁን ቁልፍ (የምዝገባውን መረጃ) ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው መቅዳት የአስተዳዳሪ ፈቃድ ስለሚጠይቅ ለተጠቃሚዎች አይሆንም።

ወደ ዊንዶውስ ሚዲያ ስፒች ሲንተሲስ (ጽሑፍ ወደሚያነበው ሌላው የዊንዶውስ ክፍል) ብዞር ድምፁ ይገኛል፤ እዚያ ግን ፍጥነት ከ0.5 እስከ 6.0 ነው፣ መደበኛው 1.0። ተጠቃሚዎች ያስቀመጡትን የ-10 እስከ 10 ምርጫ ወደዚህ የምቀይርበትን ቀመር የሞከረ ካለ እባካችሁ ያሳየኝ። በተለይ የዝግታው ጫፍ 0.5 ላይ እንዳይደፈጠጥብኝ።