ለገበታና ለማማሰያ የትኛው እንጨት ይሻላል?

ጀማሪዋ (ባሕር ዳር)፦
ጤና ይስጥልኝ። ገበታ፣ ጭልፋና ማማሰያ እየሠራሁ ለጎረቤት መሸጥ ጀምሬያለሁ። በእጄ ያለው ነፋስ የጣለው ዋንዛ፣ ጥቂት የወይራ ቅርንጫፍ፣ የጥድ ጣውላ እና በነጻ ያገኘሁት አሮጌ የመብራት ምሰሶ ነው። ትኩስ ወጥ የሚነካ ዕቃ ነውና ሰው እንዳልጎዳ እሰጋለሁ። የትኛውን ልያዝ? ምንስ ልቀባው?

ጠራቢው፦
እህቴ፣ አስቀድመሽ ያንን ምሰሶ ከቤት አውጪልኝ! ምሰሶ ምስጥ እንዳይበላው መከላከያ ኬሚካል በግፊት ይጠጣል፤ ክሪዮሶት ወይም አርሴኒክ ያለበት ውህድ ሊሆን ይችላል። ላዩን ስለላጥሽው አይወጣም። ለማገዶም አይሆንም፣ ጭሱም አመዱም ይጎዳል።

ወይራው ለማማሰያ ነው። ጥቅጥቅ ያለና ከባድ ስለሆነ ወጡን ቶሎ አይጠጣም፣ ጫፉም አይፍረከረክም። እናቶቻችን የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት እንጨት ስለሆነ ጠረኑን ማንም አይጠላውም። ዋንዛው ለገበታ ይሁንልሽ፤ ለስላሳ ነው፣ ለመፈልፈል አያስቸግርም። እርጥብ ከሆነ ግን በአንድ ጊዜ አትጨርሺው። 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ገበታ ግድግዳውን 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍራም አድርገሽ ተዪው፣ የእንጨቱ ጭረት የተቆረጠበትን ጫፍ ሰም ቀቢውና ጥላ ውስጥ ወራት ይቆይ። አለበለዚያ ይሰነጠቃል።

ጥዱን ለመደርደሪያ አውዪው። የፈላ ውሃ ብታፈሺበት ሽታው ቤቱን ይሞላዋል፤ ያ ሽታ ወጡ ውስጥ ይገባል። ቁልቋልም ቢያጋጥምሽ አትንኪው፣ ወተቱ ዓይን ያጠፋል።

የጎንደሯ፦
ቅባቱን በተመለከተ፣ የሱፍ ዘይት ቶሎ አይደርቅም፤ ሰንብቶ ሽታው ሊበላሽ ይችላል። የተልባ ዘይት ግን ስስ አድርገው ሲቀቡት ይደርቃል። ለምግብ የተጨመቀውን ግዢ፤ የቀለም መሸጫው «የተቀቀለ» የሚባለው ቶሎ እንዲደርቅ የብረታ ብረት ውህድ ሊጨመርበት ይችላል። ላዩ ላይ ንጹሕ የማር ሰም ብታሺበት ያምራል።

ጀማሪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ምሰሶውን ዛሬውኑ አወጣዋለሁ። የዕቃ መጫኛ ርብራብ እንጨትስ ይሆናል?

ጠራቢው፦
ማኅተሙን እዪ። «ኤች ቲ» ማለት በሙቀት የታከመ ነው፤ «ኤም ቢ» ካለው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ተዪው። «ኤች ቲ» ቢሆንም ምን እንደፈሰሰበት ስለማይታወቅ እኔ ለምግብ ዕቃ አልጠቀምበትም። ደግሞ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠሽ እንዳትጥዪ፣ በራሱ ጊዜ ይቀጣጠላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው። ስትሞርጂም አፍንጫሽን ሸፍኚ፤ የእንጨት ብናኝ ካንሰር ያመጣል።