ስለ ወንዙ የለካነውን ለከተማው ምክር ቤት ለማድረስ ምክራችሁን እንሻለን

በኮምቦልቻ የምህንድስና ተማሪዎች ስንሆን፣ በክበባችን አማካኝነት ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገባ የአንድ ገባርን የውኃ ጥራት ከፋብሪካዎች በላይና በታች ስንለካ ቆይተናል። ከታች በኩል ውኃው አንዳንድ ቀን የማቅለሚያ ቀለም ይዞ ይወርዳል፤ በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅንም (ማነሱ የብክለት ምልክት ሊሆን ይችላል) ከላይኛው በግልጽ ያንሳል። አርሶ አደሮች ይህንኑ ውኃ በሞተር እየሳቡ ሰላጣና ጥቅል ጎመን ያለሙበታል፤ ቸል ለማለት ኅሊናችን ያልፈቀደውም ስለዚህ ነው።

ውጤቱን ከመፍትሔ ሐሳብ ጋር አዘጋጅተን ለማቅረብ ስንሞክር፣ ያነጋገርነው ጽሕፈት ቤት የትምህርት ተቋማችንን ደብዳቤ ጠየቀን፤ ትምህርት ክፍላችን ደግሞ ደብዳቤ የሚጽፈው ለምርምር ፈቃድ እንጂ ለአቤቱታ እንዳልሆነ ነገረን።

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት እንደሚችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ክስ መመሥረት እንደሚችል ይደነግጋል። የእኛ ፍላጎት ግን ክስ ሳይሆን (ፋብሪካዎቹ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ናቸው) የፍሳሽ ክትትሉ ውጤት በየጊዜው ለሕዝብ የሚገለጽበት አሠራር እንዲዘረጋ ነው።

የሕግና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ ምከሩን፤ ሰነዱን በክበቡ ስም ከምናስገባ በነዋሪነታችን በግል ስማችን ብናስገባ ይሻላል? በእጅ በሚያዝ መለኪያ መሣሪያ የተገኘ ውጤት በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ ተቀባይነት ያጣል? ለምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ በቀጥታ አቅርቦ የተሳካለትስ አለ?