አስቸኳይ፦ ገመዳችን ላይ የባትሪ ውሃ ፈሰሰበት፣ ነገ ሌሊት እንነሳለን

የማርቆስ ልጅ፦
ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከደብረ ማርቆስ ተነስተን ከደጀን በታች ገደል ልንወጣ ነው። አራት ነን፤ ገደሉ ስድስት እርከን አለው፣ እያንዳንዱ በገመድ በአንድ ጊዜ የሚወጣ ነው። ዛሬ ዕቃ ስንሸክፍ ገመዱ ያለበት ማዳበሪያ ከታች ረጥቦ አገኘነው፤ የባትሪ ውሃ ነው። አሁን ደርቋል። ሲታይ ምንም አልሆነም፣ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። በሳሙና ባጥበው እስከ ሌሊት ይደርቃል? እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ።

ዋርካ ሥር፦
የእኔ የእጅ ባትሪ ድንጋዩ ሲያረጅ እንዲሁ ያፈስ ነበር። በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ በሳሙና እጠበው፤ ጥላ ላይ አስጣው።

ጮቄ ሥር፦
ልጆቼ፣ ከገመዱ በፊት ወቅቱን አስቡ። ጥቅምት ገና መግባቱ ነው፤ ድንጋዩ የጠጣው የክረምት ውሃ አላለቀለትም። የዓባይ ሸለቆ ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ በታች የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ሥሩ ደግሞ አሸዋማ ድንጋይ ነው። አሸዋማ ድንጋይ እርጥብ ሳለ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ የጨበጣችሁት ጠርዝ ተገንጥሎ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ቀኑም አጭር ነው፤ 12 ሰዓት ነግቶ 12 ሰዓት ይመሻል። ለአንድ እርከን 45 ደቂቃ ብትይዙ ለስድስቱ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ አራታችሁም በአንድ ገመድ ከሄዳችሁ ግን ከዚያ በጣም ይረዝማል፣ ሁለት ሁለት ሁኑ። መውረጃውንም ቁጠሩ። 8 ሰዓት ላይ ጫፍ ካልደረሳችሁ ካላችሁበት ተመለሱ። ለየሰው ሦስት ሊትር ውሃ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የራስ ቁር፣ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት። ደጀን በረደን ብላችሁ ልብስ ስትደራርቡ ታች የዓባይ በረሃ ይጠብቃችኋል። ዝንጀሮ ከላይ ሲያልፍ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ስለዚህ ቁሩን ገና ከገደሉ ሥር ሳትደርሱ አጥልቁ።

የማርቆስ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስንቁም ውሃውም ተዘጋጅቷል፤ የጨነቀኝ ገመዱ ነው። ባትሪውም የእጅ ሳይሆን የመኪና ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ሲመጣ አይሱዙ ላይ ከአሮጌ ባትሪ ጎን ተጭኖ ነበር።

ቀይ አፈር፦
ታዲያ ይህ ምን ያስጨንቃል? ገበያ ወጥታችሁ የናይሎን ገመድ በሜትር ግዙ። ደብረ ዳሞ ስንት ዘመን በጠፍር ይወጣ የለም እንዴ?

ገመድ ያዥ፦
ወንድሜ ቀይ አፈር፣ ደብረ ዳሞ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ ወጪውን ከላይ ሰው ይስበዋል፣ ቢስት እንኳ ብዙ አይወርድም። እዚህ ግን ቀድሞ የሚወጣው ሰው ገመዱን መጨረሻ ካያያዘበት ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ ቢስት አራት ሜትር ይወድቃል፣ የገመዱ መለጠጥ ሳይቆጠር። የመውጫ ገመድ እንዲለጠጥ ሆኖ የተሠራው ለዚህ ነው። የገበያው ያን ያህል አይለጠጥም፤ ምቱን ወገቡና ማያያዣው ይቀበሉታል።

ደጀን ጋራዥ፦
እኔ መኪና ጠጋኝ ነኝ፣ ገደል አልወጣም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ሲባል የበሬ እንጂ የሰው አጥንት አይደለምና ስሙኝ። የባትሪ ውሃ የምትሉት ሰልፈሪክ አሲድ ነው። ሱሪዬ ላይ ሲፈናጠቅ የዚያን ዕለት ምንም አይታይም። ባለቤቴ ስታጥበው ጉልበቱ ላይ እንደ ወንፊት ይበሳሳል፤ ክሩን በጣት ሲነኩት ይበናል። ምንም አልሆነም የምትሉት ገመድ እንደ ሱሪዬ እንዳይሆን እፈራለሁ።

ዋርካ ሥር፦
አሲድ ከሆነ በቤኪንግ ሶዳ እጠበው፤ አሲዱን ያረክሰዋል።

ገመድ ያዥ፦
የጋራዡ ወንድማችን ልክ ነው። ገመዱ ናይሎን ነው፤ ሰልፈሪክ አሲድ ናይሎን ይበላል። ሽፋኑ ደህና መስሎ የውስጡ ክር ያለቀ ሊሆን ይችላል። ዓይን አያየውም፣ ጣት አይለየውም፣ ሁለት ሰው ጎትቶም አይፈትነውም። ሶዳ የቀረውን አሲድ ቢያጠፋ የተበላውን ክር አይመልስም። ስንት ገመድ ነበር? መታጠቂያዎቹና የጨርቅ ማሰሪያዎቹስ የት ነበሩ?

የማርቆስ ልጅ፦
ባለ 60 ሜትር ሁለት ገመድ ነው፤ ሁለቱም እዚያው ማዳበሪያ ውስጥ ነበሩ። የረጠበው የታችኛው ብቻ ይመስለኛል። መታጠቂያውና ማሰሪያው ሌላ ቦርሳ ውስጥ ነበር። በላይኛው ብቻ ብንሄድስ? ሰዎቹ ከባሕር ዳር ድረስ መጥተው እኔ ቤት ናቸው፤ ቅሩ ማለት ከበደኝ።

ገመድ ያዥ፦
ይከብዳል፣ ይገባኛል። ግን አንዱ የረጠበበት ማዳበሪያ ውስጥ ሌላው አልነካውም ብለህ ሰው አታንጠልጥልበት። ደግሞም አንድ 60 ሜትር ገመድ አጥፋችሁ ስትወርዱ በአንድ ጊዜ 30 ሜትር ብቻ ነው የሚያወርዳችሁ፤ እርከኑ ከዚያ ከረዘመ መሐል ገደል ላይ ትቀራላችሁ። እንግዶችህን ጮቄ ውሰዳቸው፤ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፣ ያለ ገመድ በእግር ይወጣል።

ጮቄ ሥር፦
ወደ ጮቄ ከመጣችሁ ጋቢ ያዙ። የጥቅምት ሌሊት እዚህ ውርጭ ነው።

ደጀን ጋራዥ፦
ገመዱን ለበሬ ማሰሪያ የሚለምን ሰው ከመጣ ክንድ ክንድ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ስጡት። ረጅሙን ካገኘ ጉድጓድ ሲቆፍር ይወርድበታል።

ዋርካ ሥር፦
ቆይ፣ ገመዱ ላይ ትንሽ ሶዳ ነስንሰህ ብትሞክርስ?

ጮቄ ሥር፦
ልጄ፣ 11 ሰዓት አለፈ። ሄዳችሁ ወይስ ቀራችሁ? አንድ ቃል ጻፍልን።

ገመድ ያዥ፦
እኔም ስልኬን ይዤ ተቀምጫለሁ።